በግላቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞች ማን ይመስክር? የቃለ መጠይቅና የመድረክ ሂስ መመናመን

በኖቬምበር 2018 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትሬቲን በሚል የመድረክ ስም የሚታወቅ አሜሪካዊ የሮክ ሙዚቀኛ ለንደን ካምደን ውስጥ በሚገኘው አንደርወርልድ በተባለ የሙዚቃ ቤት ዝግጅቱን አቀረበ። ለቤቱ ኃላፊዎች አስቀድሞ የተነገራቸው 291 ትኬት እንደተሸጠ ነበር፤ በዕለቱ የመጣው ታዳሚ ግን ሦስት ሰው ብቻ ሆነ። ነገሩ ሲጣራ በማኅበራዊ ገጾቹ ላይ የሚታየው የተከታይ ብዛት፣ ዝግጅቶቹን አሰናድቷል የተባለው ወኪል፣ ሥራውን አሳትሟል የተባለው ኩባንያና ሙዚቀኛው በብዙ ሕዝብ ፊት ሲጫወት የሚያሳዩት ቪዲዮዎች የተፈበረኩ ወይም በገንዘብ የተገዙ መሆናቸው ታወቀ። የአውሮፓ ጉዞውም መሐል ላይ ተቋረጠ።

ታሪኩ በወቅቱ እንደ አስገራሚ ወሬ ተወርቶ ቢታለፍም፣ በሙዚቃው ዓለም ስላለ አንድ ክፍተት ግን ብዙ ያስረዳል። የሙዚቃ ቤቶቹ የተቀበሉት ማስረጃ በአብዛኛው የቁጥር ማስረጃ ነበር፤ የተከታይ ብዛት፣ የዕይታ ብዛት፣ የትኬት ብዛት። ይህ ሁሉ ከሩቅ ተቀምጦ ሊፈበረክ ይችላል። ለመፈብረክ የሚከብደው ከሙዚቀኛው ጋር የጥቅም ትስስር የሌለው ሰው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ፣ አይቶና ሰምቶ፣ በገዛ ስሙ የጻፈው ቃል ነው።

በ2025 አጋማሽ ደግሞ ዘ ቬልቬት ሰንዳውን የተባለ ባንድ ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎት ላይ ብቅ ብሎ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወርኃዊ አድማጮቹ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሱ። የአባላቱን ማንነት አውቃለሁ የሚል፣ መድረክ ላይ አይቻቸዋለሁ የሚል ሰው ግን ጠፋ። የባንዱ ቃል አቀባይ ነኝ ያለ አንድ ግለሰብ ሮሊንግ ስቶንን ለመሰሉ መገናኛ ብዙኃን መልስ ሲሰጥ ሰነበተና ጥቂት ቆይቶ ከባንዱ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ጋዜጠኞቹንም ሆን ብሎ እንዳታለላቸው ተናገረ። በጁላይ ወር የባንዱ ገጽ ራሱ ሥራው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። በዚህ ክስተት ልብ ሊባል የሚገባው ቃለ መጠይቁም ጭምር መታለሉ ነው። የተናጋሪው ማንነት ሳይጣራ በሩቅ የተደረገ ጥያቄና መልስ ከቁጥሩ የተሻለ ምስክር ሊሆን አልቻለም።

ትልቅ አሳታሚ ኩባንያ፣ የማስታወቂያ በጀትና የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሳይኖራቸው በግላቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞች ከመገናኛ ብዙኃን የሚሹት ሙገሳ እንደሆነ ተደርጎ ይታሰባል። ከሙገሳው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። ሙገሳን ሙዚቀኛው ራሱም፣ ወዳጁም፣ በክፍያ የሚጽፍም ሊያቀርበው ይችላል። ምስክርነት ግን ከሁለት ዓይነት ጽሑፎች በቀር ከየትም አይገኝም፤ አንዱ ተዘጋጅቶ በመጣ ጠያቂ የተደረገ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ሌላው የመድረክ ሂስ ነው። ሁለቱም እየተመናመኑ ያሉት ደግሞ ይበልጥ በሚያስፈልጉበት ጊዜ ላይ ነው።

ይበልጥ የሚያስፈልጉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን የሙዚቃ ብዛት ማየት ያሻል። በአሁኑ ጊዜ ወደ ስትሪሚንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት ሙዚቃ ወደሚደመጥባቸው፣ አገልግሎቶች የሚጫነው አዲስ ሥራ በቀን ከ100,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ አገልግሎት በኤፕሪል 2025 ባወጣው መረጃ በየቀኑ ከሚደርሱት አዳዲስ ሥራዎች 18 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ20,000 የሚበልጡት፣ ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ መሆናቸውን ገልጾ ነበር፤ በኖቬምበር ወር ይኸው ቁጥር ወደ 50,000፣ ድርሻውም ወደ 34 በመቶ ማደጉን አስታወቀ። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን የሮያሊቲ ክፍያ ማሰብ አቁሟል። በግሉ የሚሠራ አንድ ጀማሪ ሙዚቀኛ በዚህ ጎርፍ መካከል ሲገባ፣ ከማሽን ሥራ የሚለየው ምን እንደሆነ አድማጩ ከዘፈኑ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። የአንዳንድ ማሽን ሥራዎች ድምፅ ጆሮን ለማታለል በቂ ሆኗልና። አካል ይዞ መድረክ ላይ መቆም፣ መሳሳት፣ ከስህተቱ መመለስና ስለ ውሳኔዎቹ ተጠይቆ ማስረዳት የሚችለው ግን ሰው ብቻ ነው።

አንድ የመድረክ ሂስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማሳየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1961 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የወጣው የሐያሲው ሮበርት ሼልተን ጽሑፍ ነው። በኋላ ዝነኛ ዘፋኝ የሆነው ቦብ ዲለን በዚያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት ነበር፤ ገርድስ ፎክ ሲቲ በተባለው የኒው ዮርክ የሙዚቃ ቤትም የዋናው ዝግጅት ባለቤት አልነበረም። ዋናዎቹ ግሪንብራየር ቦይዝ የተባሉት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ዲለን መድረኩን የሚያሟሙቅ ጀማሪ ነበር። ሼልተን ግን ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የጽሑፉን ርእስና አብዛኛውን ቦታ ለጀማሪው ሰጠው። በቀጣዩ ወር ዲለን ከኮሎምቢያ ሬከርድስ ጋር ውል ፈረመ። የኩባንያው ፕሮዲዩሰር ጆን ሐመንድ ልጁን ቀድሞም አይቶት ስለነበር ውሉን ያስገኘው ሂሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም አንድ የማይታወቅ ልጅ ትልቅ ጋዜጣ ላይ በታዛቢ ዓይን ተመዝግቦ መገኘቱ በሩን ይበልጥ እንደከፈተው አያጠራጥርም።

ከዚያ ጽሑፍ የምማረው ነገር ግን ከዝናው ይልቅ የአጻጻፉ ጥንቃቄ ነው። ዲለን በዚያን ዘመን ስለ ትውልዱና ስላለፈ ሕይወቱ ለጠየቀው ሁሉ የፈጠራ ታሪክ ይነግር ነበር። ሼልተን ወጣቱ ስለ ትውልድ ቦታውና ስለ ዘር ሐረጉ ግልጽ እንዳልሆነ ጠቅሶ፣ ክብደቱን በዓይኑና በጆሮው ባረጋገጠው ላይ፣ በድምፁ ሸካራነት፣ በአለባበሱ፣ በአቀራረቡ ላይ አደረገ። ተናጋሪው ስለ ራሱ የሚለው ሊዋሽ ይችላል፤ ሐያሲው አዳራሹ ውስጥ ያየው ነገር ደግሞ በዚያው ምሽት የነበሩ ሌሎች ሰዎች ሊያመሳክሩት የሚችሉት ነው። ቃለ መጠይቅና የመድረክ ሂስ አንዱ ለሌላው የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው። አንዱ የሚያቀርበውን ሌላው ይፈትነዋል።

የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽታም መታለፍ የለበትም። በ1962 የወጣው የዲለን የመጀመሪያ አልበም ሽፋን ላይ ስቴሲ ዊሊያምስ በሚል ስም የሠፈረውን ማብራሪያ የጻፈው ራሱ ሼልተን ነበር። ከ12 ዓመት በኋላም ተመሳሳይ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ሐያሲው ጆን ላንዳው በሜይ 1974 ዘ ሪል ፔፐር በተባለው የቦስተን ጋዜጣ ላይ በሮክ ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ውስጥ የሮክ ኤንድ ሮልን የወደፊት ዕጣ እንዳየ ጻፈ፤ ኮሎምቢያም ያችን ዓረፍተ ነገር ለማስታወቂያ ተጠቀመባት። ብዙም ሳይቆይ ላንዳው በ1975 የወጣው የስፕሪንግስቲን አልበም ተባባሪ ፕሮዲዩሰር፣ ከዚያም የሙዚቀኛው ማናጀር ሆነ። ሁለቱም ጸሐፊዎች ያዩትን አላዩም ለማለት አይደለም። ነገር ግን በሐያሲና በሙዚቀኛ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ፣ ይህም ገንዘብ በተትረፈረፈበት ዘመን ጭምር የነበረ ችግር መሆኑን ያሳያል። በትንንሽ የሙዚቃ ማኅበረሰቦች ውስጥ ርቀቱ ከዚያም ይጠባል፤ የሚጽፈው ሰው ራሱ በሌላ ባንድ ጊታር ይጫወታል፣ ወይም ከተጻፈለት ሙዚቀኛ ጋር በአንድ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ይህን ማጥፋት አይቻልም፤ ማሳወቅ ግን ይቻላል። በጽሑፉ መግቢያ ላይ ‹‹ከከበሮ መቺው ጋር ወዳጆች ነን›› ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል፤ ያ መስመር በተዘለለበት ጽሑፍ ላይ ግን አንባቢው የቀረውን ሁሉ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ታዲያ እነዚህ ጽሑፎች ለምን ተመናመኑ? የሚታወቀው ምክንያት የሙዚቃ መገናኛ ብዙኃን መዳከም ነው። በ1952 የተመሠረተው የብሪታንያ የሙዚቃ መጽሔት ኤንኤምኢ ሳምንታዊ የኅትመት እትሙን በማርች 2018 አቆመ። የኒው ዮርኩ ጋዜጣ ቪሌጅ ቮይስ በ2017 ኅትመቱን፣ በ2018 ሥራውን በጠቅላላ ዘጋ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢከፈትም የቀድሞ አቅሙን ይዞ አልነበረም። ኪው የተባለው የብሪታንያ መጽሔት በ2020 ተዘጋ። በ1996 የተጀመረውና ለብዙ በግላቸው ለሚሠሩ ባንዶች ዋና መታያ የነበረው የሙዚቃ ድረ ገጽ ፒችፎርክ በ2015 ኮንዴ ናስት በተባለው አሳታሚ ኩባንያ ከተገዛ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2024 በርካታ ሠራተኞቹ ተቀንሰው ጂኪው በተባለው የወንዶች መጽሔት ሥር እንዲጠቃለል ተደረገ።

በየዝግጅት ክፍሉ በጀት ሲጠብ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው የመድረክ ሂስ ነው፤ ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። የአልበም ሂስ አንባቢው ወዲያው ሊሰማው ስለሚችለው ነገር ይናገራል፤ አልበሙ እስካለ ድረስም ይፈለጋል። የመድረክ ሂስ ግን ጠዋት ሲወጣ የሚያወራው ስላለቀና ስለማይደገም ምሽት ነው። ጸሐፊው መጓጓዣ፣ ሙሉ ምሽትና ከዚያ በኋላ የመጻፊያ ሰዓት ያስፈልገዋል፤ ጽሑፉን ከፍቶ የሚያነበው ሰው ብዛት ሲቆጠር ግን ወጪውን አያካክስም። ስለዚህ የሚቀሩት የመድረክ ሂሶች ስለ ስታዲየም ዝግጅቶች የሚጻፉት ይሆናሉ፤ እነርሱ አንባቢ አያጡምና። ውጤቱ የተገለባበጠ ነው። በአንድ ምሽት ሃምሳ ሺህ ሰው ያየው፣ ሺህ ስልክ የቀረጸው ዝግጅት ሐያሲ ይላክለታል፤ አርባ ሰው ብቻ ያየው፣ ማንም ያልመዘገበው ዝግጅት ግን ጸሐፊ አያገኝም። ምስክርነቱ የሚፈለገው ሁለተኛው ዘንድ ነበር።

የመድረክ ሂስ የሚጻፍላቸው የሙዚቃ ቤቶችም ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። ሚውዚክ ቬኑ ትረስት የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2023 ብቻ 125 ትንንሽ የሙዚቃ ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ሙዚቃ ማቅረብ አቁመዋል ብሏል።

ክፍተቱን ሌሎች ነገሮች ሞልተውታል የሚሉ አሉ፤ ከመካከላቸው በጥሞና ሊታዩ የሚገባቸው በስቱዲዮ የሚቀረጹ የቀጥታ ዝግጅቶች ናቸው። የሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል ከ1967 እስከ ሕልፈቱ 2004 ድረስ በቢቢሲ ሬዲዮ 1 ባስተናገዳቸው ከ4,000 በላይ ቀረጻዎች ለብዙ የማይታወቁ ባንዶች የመጀመሪያ ማይክሮፎን ሆኗቸዋል። የአሜሪካው የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአር በ2008 የጀመረው ታይኒ ዴስክ ኮንሰርትም ዛሬ ከመላው ዓለም ተመልካች አለው። የአጀማመሩ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅም ነገር ይዟል። አዘጋጆቹ ቦብ ቦይለንና ስቲቨን ቶምፕሰን በዚያው ዓመት በሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ላይ ሎራ ጊብሰን የተባለችውን ዘፋኝ ለመስማት ሄደው የታዳሚው ጫጫታ ድምፅዋን ስለዋጠባቸው፣ ቢሮ መጥታ የቦይለን ጠረጴዛ ጋ ብትዘፍን ይሻል ነበር ብለው በቀልድ ተነጋገሩ፤ ቀልዱ እውን ሆነ። የተገኘው ነገር ድንቅ ነው፤ የድምፅ ጥራቱም፣ ቅርበቱም። ይሁን እንጂ ጫጫታው ሲወገድ አብሮት የተወገደ መረጃ አለ። አንዲት ጊታር የያዘች ዘፋኝ በማያዳምጣት ሕዝብ ፊት ስትቆም ምን ታደርጋለች? ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች? ይልቁንም ዝቅ አድርጋ ሕዝቡ ወደ እርሷ እንዲጠጋ ታስገድዳለች? የዘፈኖቿን ቅደም ተከተል እዚያው ትቀይራለች? መድረክ ላይ የሚሠራ ሰው ችሎታ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ የሚነግረንም አዳራሹ ውስጥ የነበረ ጸሐፊ ነው።

ክፍተቱን የሞላው ሌላው ነገር በክፍያ የሚወጣ ጽሑፍ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙዚቀኛው ከፍሎ ‹‹ቃለ መጠይቅ›› ይደረግለታል፤ ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ መልሱን ጽፎ ይልካል፤ ሳይነካ ይወጣል። ይህ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ እስከተገለጸ ድረስ ነውር የለበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገለጽም፤ የሚከፍሉትም ገንዘብ የሚያጥራቸው ጀማሪዎች ናቸው።

በግሉ የሚሠራ ሙዚቀኛ ስለ ሥራው ሌላ ሰው ያልጻፈለት ከሆነ የሚያጣው ዝናን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። የአሜሪካ ኦ-1 ቪዛ፣ ማለትም የላቀ ችሎታ አላቸው ለሚባሉ ባለሙያዎች የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ፣ ለኪነ ጥበብ ሰዎች ከሚጠይቃቸው የማስረጃ ዓይነቶች አንዱ በጋዜጦች፣ በሙያ መጽሔቶችና በመሳሰሉት ስለ አመልካቹ የታተመ ሂስ ወይም ሌላ ጽሑፍ ነው። ለዚህ መመዘኛ የስኬት ቁጥር ለብቻው አይበቃም፤ ታትሞ የወጣ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያም አንድ ሙዚቀኛ ገጽ እንዲኖረው ከተቀመጡት መመዘኛዎች አንዱ ከሙዚቀኛው ነፃ በሆኑ ታማኝ ምንጮች፣ በዝርዝርና ከአንድ ጊዜ በላይ የተጻፈለት መሆኑ ነው፤ ጋዜጣዊ መግለጫዎች፣ ማስታወቂያዎችና ሙዚቀኛው ስለ ራሱ የሚናገርባቸው ጽሑፎች አይቆጠሩም። የመጨረሻውን ነጥብ ደግሜ ላንሣው፤ ሙዚቀኛው ብቻ የሚናገርበት፣ የጠያቂው ምርመራና ትንተና የሌለበት ቃለ መጠይቅ በእነዚህ ሰዎች ሚዛን እንደ ራስ ምስክርነት የሚቆጠር ነው። በሌላ አነጋገር፣ የጽሑፉ ጥራት የሙዚቀኛውን ድንበር የመሻገር ዕድልና በመዝገብ የመገኘት ዕድል እስከመወሰን ይደርሳል። ጉዳዩን የጋዜጠኞች የሙያ ቅሬታ ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው።

ጥሩ ቃለ መጠይቅ የሚጀምረው ከዝግጅት ነው ቢባል አዲስ ነገር አይሆንም፤ ዝግጅቱ ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ‹‹ሙዚቃ እንዴት ጀመርክ?››፣ ‹‹አርአያህ ማን ነው?››፣ ‹‹ለአድናቂዎችህ ምን መልእክት አለህ?›› የሚሉት ጥያቄዎች ሥራውን ላልሰማ ጠያቂም ይመቻሉ፤ የሚያመጡትም መልስ ከአንዱ ሙዚቀኛ ወደ ሌላው ቢዛወር ማንም አያውቀውም። ሥራውን ደጋግሞ የሰማ ጠያቂ የሚጠይቀው ስለ አንድ ውሳኔ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቤዝ ጊታሩ ለምን ዝም አለ? ይህ ጥያቄ ሙዚቀኛውን ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል፤ አንድ ሰው በእውነት እንደሰማው ያውቃልና። መልሱ የጥበብ ምርጫ ሊሆን ይችላል። የተከራዩት የስቱዲዮ ሰዓት አልቆ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ወደ ቀን ሥራው መሄድ ስለነበረበት፣ የቀረውን ያለ እርሱ ጨርሰው በኋላ ሲሰሙት ባዶነቱ ስለጣማቸው የተተወም ሊሆን ይችላል። በግላቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የገንዘብ ሁኔታና የድምፅ ውበት እንዲህ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ሳይጠይቁ ሌላውን ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ መኪናውን ማን እንደሚነዳ፣ የቀረጻውን ወጪ ማን እንደሸፈነ፣ ከምሽቱ ክፍያ ለድምፅ ባለሙያው ምን እንደሚደርሰው መጠየቅ ሐሜት አይደለም፤ ሥራው እንዴት እንደተሠራ መጠየቅ ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂው የሚሸከመው ተጨማሪ ኃላፊነት አለ። ታዋቂ ዘፋኝ አጠገቡ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ በግሉ የሚሠራው ግን ከዝግጅቱ በኋላ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ስለ ባንድ ጓደኛው በንዴት የሚናገረውን ነገር የሚመልስለት ሰው የለውም። ያን ቃል እንዳለ ማተም መብት ሊሆን ይችላል፤ በማግሥቱ ደውሎ ‹‹ይህን እንዲወጣ ፈቅደሃል?›› ብሎ መጠየቅ ግን ጽሑፉን አያዳክመውም። ይህ ጽሑፉን ለሙዚቀኛው አሳልፎ ሰጥቶ እንዲያርመው ከማድረግ ጋር መምታታት የለበትም። የተነገረው ቃል በትክክል መጠቀሱን፣ ስምና ቀን መስተካከሉን ማረጋገጥ አንድ ነገር ነው፤ ትንተናውን ባለቤቱ እንዲያጸድቀው መስጠት ምስክርነቱን ይሽረዋል።

የመድረክ ሂስ የሚጠይቀው ትጋት ከዚህ የተለየ ነው። ጸሐፊው በር ሲከፈት መድረስ አለበት፤ ሼልተን ዋናዎቹን ተጫዋቾች ብቻ ለማየት አርፍዶ ቢገባ ኖሮ የሚጽፈው አይኖረውም ነበር። የሚቆምበት ቦታም ሂሱን ይለውጠዋል። ከፊት የሚሰማው የጊታሩ ማጉያና ከበሮው ራሱ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው ያቀነባበረው ድምፅ ሚዛኑን ጠብቆ የሚሰማው ሚክሰሩ፣ ማለትም ድምፁ የሚመጣጠንበት መሣሪያ፣ አጠገብ ነው። ዘፋኟ አልተሰማችም ብሎ ከመጻፍ በፊት ቦታ ቀይሮ ማዳመጥ ተገቢ ነው፤ ያልተሰማችው ከእርሷ ድክመት፣ ከባለሙያው ስህተት ወይም ከአዳራሹ ግድግዳ የተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ የተለያየ ፍርድ ያሻቸዋል።

አንድ ምሽት ላይ ሊታይ የሚችል ነገር ልግለጽ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ የዘፋኟ ሞኒተር፣ ማለትም የራሷን ድምፅ የምትሰማበት ስፒከር፣ ይጠፋል። ታዳሚው አያውቅም፤ ወደ እርሱ የተዞሩት ስፒከሮች እየሠሩ ናቸው። እርሷ ግን የራሷን ድምፅ አትሰማም፤ አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፍና መዝፈኗን ትቀጥላለች። ከበሮ መቺው ያያታል፤ ምቱን ያለዝባል። ጊታሩም ተከትሎ ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት በአልበሙ ላይ እየጮኸ የሚያልቀው ዘፈን በዚያ ምሽት በሹክሹክታ ያልቃል፤ አዳራሹ ፀጥ ይላል። በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ይህን ሲያሳይ ለተመልካቹ ሌላ አቀናባበር ይመስለዋል። የባንዱ ገጽ የሚለጥፈው ደግሞ የተጨበጨበበትን ክፍል ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች ተያይተው ብልሽትን ወደ ውበት እንደቀየሩ የሚያስረዳ መዝገብ የሚኖረው አንድ ሰው አይቶ፣ ምክንያቱንም ከዝግጅቱ በኋላ ጠይቆ ከጻፈው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሂሱና ቃለ መጠይቁ አንድ ሥራ ይሆናሉ።

የታዳሚውን ቁጥር በሐቅ መጻፍ ብዙ ጸሐፊዎች የሚሸሹት ነገር ነው። ሁለት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሠላሳ ሰው ነበር ብሎ መጻፍ ሙዚቀኛውን ማዋረድ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ‹‹ብዙ አድናቂዎች የተገኙበት›› የሚል ሐረግ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለው ሐረግ ሲደጋገም የአንባቢውን እምነት ይበላል፤ በእውነት አዳራሹ ሞልቶ የፈሰሰበት ምሽት ሲመጣም የሚገልጸው ቃል አይተርፍም። ሠላሳ ሰው ነበር፣ ከሠላሳው አንድም ሳይወጣ እስከ መጨረሻው ቆመ የሚል ዓረፍተ ነገር ለሙዚቀኛው ከባዶ ሙገሳ እጅግ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አሉታዊ ሂስን በተመለከተ ያለው ክርክር ከባድ ነው፤ መልሴም ሙሉ በሙሉ የጠራ አይደለም። ፒችፎርክ በ2004 ትራቪስ ሞሪሰን የተባለው ሙዚቀኛ ላወጣው የመጀመሪያ የግል አልበም ከ10 ነጥብ 0.0 ሰጠው፤ ያ ነጥብ በሥራው ላይ ምን ያህል ጉዳት እንዳደረሰበት ሙዚቀኛው ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። ብዙ ሂስ የሚጻፍለት ታዋቂ ሰው አንዱ ቢወቅሰው ሌላው ያነሣዋል። አንድ ሂስ ብቻ የተጻፈለት ሰው ግን ስሙ በተፈለገ ቁጥር ለዓመታት ቀድሞ የሚወጣው ያ ጽሑፍ ነው። ከዚህ ተነሥተው ስለ ጀማሪዎች መልካም ብቻ እንጻፍ፣ ካልሆነ እንለፈው የሚሉ አዘጋጆች ብዙ ናቸው። ፍላጎታቸው ቅን ቢሆንም መዘዙን ያዩት አይመስለኝምና ሐሳባቸውን ላለመቀበል እገደዳለሁ፤ ወቀሳ ሊጽፍ የማይችል ሰው ሙገሳው ክብደት አይኖረውም። የሚሻለው ወቀሳውን ሙዚቀኛው ሊያርመው በሚችለው ነገር ላይ ማድረግ ነው። በዘፈኖቹ መካከል ያለው የአምስት ደቂቃ የጊታር ቅኝት ታዳሚውን አሰልችቶ ከነበረ ይጻፍ፤ ይህ ሊስተካከል የሚችል ነው። ‹‹ተሰጥኦ የለውም›› የሚለው ፍርድ ግን ከአንድ ምሽት የሚወጣ አይደለም። ነጥብ መስጠትም እንዲሁ፤ አንድ ምሽት በአሥርዮሽ የሚለካ ነገር አይደለም።

የገንዘቡ ጥያቄ ሳይመለስ ይህ ሁሉ ምኞት ሆኖ ይቀራል። እስካሁን የተሞከሩት መንገዶች የተለያየ ጥንካሬ አላቸው። በ1982 የተመሠረተው ዘ ዋየር መጽሔት በ2000 መጨረሻ ሠራተኞቹ ራሳቸው ገዝተውት እስከዛሬ በባለቤትነት ይዘውታል፤ ከትልቅ ኩባንያ ውሳኔም ተጠብቋል። በ2008 የተመሠረተው የብሪታንያ ድረ ገጽ ዘ ኳይተስ በአንባቢዎች ደንበኝነት ይደገፋል። ከፒችፎርክ የወጡ ጋዜጠኞች በ2024 የከፈቱት ሂሪንግ ቲንግስም በሠራተኞቹ ባለቤትነትና በአንባቢ ክፍያ ላይ የቆመ ነው። ሌላው መንገድ ሙዚቃ ከሚሸጠው ድርጅት ጋር መጠጋት ነው፤ ባንድካምፕ ከ2016 ጀምሮ ባንድካምፕ ዴይሊ በተባለው ኅትመቱ ሌላ ዘንድ ቦታ ለማያገኙ ሙዚቀኞች ሰፊ ጽሑፍ ሲያወጣ ቆይቷል። ነገር ግን ድርጅቱ በ2022 ለኤፒክ ጌምስ፣ በ2023 ደግሞ ለሶንግትራደር ተሸጦ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉ ከሥራ ሲሰናበቱ፣ በሱቅ ጥላ ሥር የሚኖር ጽሑፍ ዕጣው ከሱቁ ባለቤት ጋር የታሰረ መሆኑ ታየ። እኔ የመጀመሪያውን መንገድ አምናለሁ፤ አንባቢው ሲከፍል ጸሐፊው የሚያገለግለው ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ድክመቱ ግን አይካድም፤ እነዚህ ኅትመቶች ትንንሽ ናቸው፣ በሁሉም ከተማ ሰው ሊልኩ አይችሉም፣ በእንግሊዝኛ ስለሚጽፉም በሌሎች ቋንቋዎች የሚሠራው ሙዚቃ በአብዛኛው ከዓይናቸው ውጭ ነው።

ተጽፎ የወጣውም ቢሆን ይጠፋል። የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ የዜና ገጽ፣ ኤምቲቪ ኒውስ፣ በጁን 2024 ከኢንተርኔት ሲወርድ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠራቀሙ ዜናዎችና ቃለ መጠይቆች አብረው ወረዱ፤ ጽሑፎቹን በዚያ ዘመን የሠሩ ጋዜጠኞች የገዛ ሥራቸውን ማግኘት አቃታቸው። ኩባንያ የያዘው መዝገብ ኩባንያው እስከፈለገው ጊዜ ድረስ የሚቆይ ነው። ስለዚህ የሚጽፉ ሰዎች የሥራቸውን ቅጂ ራሳቸው ዘንድ ማስቀመጥ፣ በሕዝብ የኢንተርኔት ማኅደሮችም ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል፤ ሙዚቀኞችም ስለ እነርሱ የተጻፈውን በገጽ አድራሻ ብቻ ሳይሆን ሙሉ ጽሑፉን ከቀኑና ከጸሐፊው ስም ጋር ሊያስቀምጡት ይገባል። የቪዛ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው የማይከፈት አድራሻ ምንም አይጠቅመውም።

ከዚህም ጋር የሚሄድ አንድ ልማድ አለ፤ ወጪ የለውም፣ ነገር ግን ከብዙ ጽሑፎች ይጎድላል። የመድረክ ሂስ ሲጻፍ የምሽቱ ቀን፣ የአዳራሹ ስም፣ ቀድመው የተጫወቱት ሰዎች፣ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልና መድረክ ላይ የነበሩት ሁሉ ስም ከነመሣሪያቸው ይመዝገብ፤ ሚክሰሩ ላይ የነበረው ባለሙያም ጭምር። ስትሪሚንግ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት የዘፋኙን ወይም የባንዱን ስም ነው። ለአንድ ምሽት ተተክታ ከበሮ የመታችው ወጣት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የራሷን ሥራ ስታወጣና ‹‹ከየት መጣች?›› ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስሟ የሚገኘው ከዚያ ምሽት ሂስ ላይ ነው፤ ጸሐፊው ጠይቆ ከመዘገበው።